ጎማው ይችላል?

ብስክሌት ላይ ሞተር መግጠም ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ስንት ሲሲ ነው? በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ቤንዚን ነው ወይስ ባትሪ? እኔም ያለፉትን ወራት ከሥራ በኋላ ላፕቶፔን ዘግቼ፣ ማለትም የሥራውን ዘግቼ የራሴን ከፍቼ፣ ስለዚህ ነገር ሳነብ ያመሸሁት ከሞተር ጀምሬ ነው። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ሞተር ይማርከዋል፤ ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ቁጥር አለው። ታሪኩን ባገላበጥኩ ቁጥር ግን እየመለሰ የወሰደኝ ወደ ጎማው ነው። ይህን ማሽን ወደፊት የገፋውም፣ ይዞ ያቆመውም፣ ቅርጹን የወሰነውም አብዛኛውን ጊዜ ማንም ልብ የማይለው ያ ጥቁር ክብ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

ከጃፓን ልጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 1946 ነው። ሐማማትሱ ከተማ በጦርነቱ ቦምብ ተደብድባ አመድ ሆናለች። ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነው የሚሄደው፤ ሰው ሩዝ ፍለጋ ወደ ገጠር ይወጣል፤ ብስክሌት ያለው ዕድለኛ ነው። ሶይቺሮ ሆንዳ የሚባል የ39 ዓመት መካኒክ የፒስተን ቀለበት ያመርት የነበረውን ፋብሪካ ድርሻውን ለቶዮታ ሸጦ ተቀምጧል። አንድ ቀን ጓደኛው ቤት አንዲት ትንሽ ሞተር ያያል። የጃፓን ጦር ለሬዲዮ መገናኛው ጄኔሬተር ማንቀሳቀሻ ያሠራት፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ባለቤት ያጣች ሞተር ናት። ሆንዳ ሞተሯን ብስክሌት ላይ ሰቀላት። ለነዳጅ ጋን የተጠቀመው በብርድ ጊዜ አልጋ የሚያሞቁበትን የሙቅ ውኃ መያዣ ነው። ባለቤቱ ሳቺ ደህና ልብሷን ለብሳ በሰው በተጨናነቀው መንገድ ነዳችውና ልብሷ ዘይት ጠጥቶ ተመለሰች።

ይሄን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የአንድ ግዙፍ ኩባንያ ልደት ስለሆነ ይተረካል። ብዙም የማይተረከው ግን የመጀመሪያው አሠራር እንደከሸፈ ነው። ሆንዳ መጀመሪያ ሞተሩን ያስቀመጠው ከመሪው ፊት ለፊት ነበር። ሞተሩ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ሲሊንደር ያዞራል፣ ሲሊንደሯ የፊተኛው ጎማ ላይ ተጭና በሰበቃ ጎማውን ታዞራለች። ካቴና የለ፣ ቀበቶ የለ፣ ማርሽ የለ። ሥዕሉን ስታየው እንዴት ያምራል! ችግሩ የዚያን ጊዜ የጃፓን ጎማ ይህን አልቻለም፤ ቶሎ እየተጎዳ አስቸገረ። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ፍሬሙ መሃል ወርዶ የኋላውን ጎማ በቀበቶ እንዲያዞር ተደረገ። ልብ በሉ፤ ሞተሩ ያው ነው፣ ነጂው ያው ነው። ንድፉን የቀየረው ጎማው ነው።

ጎማው ለምን ደካማ ሆነ? ከአራት ዓመት በፊት እኮ ጃፓን የዓለምን የተፈጥሮ ጎማ አብዛኛውን የሚያመርቱትን ማላያንና የደች ኢንዲስን (የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ) በጦር ይዛ ነበር። በ1945 ስትሸነፍ እነሱንም አጣች። ጥሬ ዕቃ የሌለው ፋብሪካ ያገኘውን ቀላቅሎ ጎማ ይሠራል፤ ያ ጎማ ሐማማትሱ ውስጥ የአንድ መካኒክን ሥዕል ያበላሻል።

በውቅያኖሱ ማዶ ደግሞ የዚህ ታሪክ ግልባጭ አለ። ጃፓን እነዚያን አገሮች በያዘች ጊዜ ጎማ ያጣችው አሜሪካ ናት። በጦርነቱ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ በራሽን የሆነው ዕቃ ስኳር ወይም ሥጋ እንዳይመስላችሁ፤ ጎማ ነው፣ በጥር 1942። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በመላ አገሪቱ ቤንዚን በኩፖን ሲደረግም ዋናው ዓላማ ቤንዚን መቆጠብ አልነበረም፤ ሰው መኪናውን እንዳይነዳና ጎማው እንዳያልቅ ነው። የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል፣ ማለትም 56 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውም ለዚሁ ነው። በዚህ ጭንቅ ውስጥ ዊዘር የሚባል በብስክሌት ላይ የሚገጠም ሞተር ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ድርጅት በ1939 ያወጣው ነው። እሱም ሲጀምር ጎማውን በሰበቃ ነበር የሚያዞረው፤ ሰበቃው አስቸገረና በቀበቶ ተተካ። በጦርነቱ ጊዜ የተሸጠው ለጦር ፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ሆንዳ በ1946 የደረሰበት መፍትሔ ላይ አሜሪካኖቹ ቀድመው ደርሰዋል።

ሰበቃ ለምን ጎማ እንደሚበላ ለመረዳት ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ነጂው፣ ብስክሌቱና ሞተሩ ባንድ ላይ 100 ኪሎ ይሁኑ። የኋላው ጎማ 60 ኪሎውን ይሸከማል እንበል። ጎማው ውስጥ ያለው አየር በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 3 ኪሎ ቢገፋ፣ መሬት የሚነካው ቦታ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ይበልጣል፣ በቃ። ፍሬን ስትይዝ፣ ስትታጠፍ፣ ጉድጓድ ስትመታ ሁሉም ነገር በዚያች ክብሪት ቀፎ በኩል ያልፋል። በሰበቃ የሚሠራ ሞተር ደግሞ ከላይ በኩል ሌላ፣ ከዚያች በጣም ያነሰች ነጥብ ይጨምራል። የሞተሩ ጉልበት በሙሉ በጎማው ቆዳ በኩል ያልፋል። ዝናብ ሲመጣ ያንሸራትታል፤ እንዳያንሸራትት ብለህ ጠበቅ አድርገህ ስትጫነው ጎማውን ይሞርደዋል።

ፈረንሳዮቹ ግን በዚሁ አሠራር ተሳክቶላቸዋል፤ ይሄን ካልተናገርኩ ታሪኩ ይዛባል። ቬሎሶሌክስ በ1946 ገበያ ላይ ወጥቶ ፈረንሳይ ውስጥ እስከ 1988 ተመርቷል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ተሽጧል፤ ቄሱም፣ ተማሪውም፣ ነርሷም ነድተውታል። ሞተሩ ከፊት ጎማ በላይ ነው፣ የሚያዞረውም በሰበቃ ነው። ለምን ሆነላቸው? ሞተሩ አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳ የማይሞላ ነበር፤ ፍጥነቱም ከጎበዝ ብስክሌት ነጂ ብዙም አይበልጥም። ጎማው የሚችለውን ያህል ብቻ ጠየቁት። እንደ ፕሮግራመር ይሄ ንድፍ ያስቀናኛል፤ አቅሙን የሚያውቅ ሲስተም ለ42 ዓመት ይሠራል።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ። በ1885 ጎትሊብ ዳይምለር ጀርመን ውስጥ የዓለምን የመጀመሪያ ባለቤንዚን ሞተር ሳይክል ሠራ፤ ጎማው ብረት የለበሰ እንጨት ነበር። የዳይምለር ልጅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነዳው፤ መቀመጫው እሳት ያዘ። ማሽኑም ቤተ ሙከራ ሆኖ ቀረ። በ1894 ሙኒክ ላይ ሂልደብራንድና ቮልፍሙለር የሠሩት ግን ለገበያ ቀረበ። ሞተሩ አድጓል፣ እውነት ነው። ግን በነዚያ ዘጠኝ ዓመታት መሃል ሌላ ነገርም ተከስቷል፤ የ1894ቱ ማሽን አየር ላይ ነው የሚሄደው።

አየሩ የመጣው ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ግቢ ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ የሚሠራ ስኮትላንዳዊ ነበር። ትንሹ ልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌቱ በድንጋይ ንጣፉ ላይ እያንገጫገጨ አስቸገረው። በ1887 አባትየው ከስስ ላስቲክ ቱቦ ሠርቶ የእንጨት ክብ ላይ ጠቀለለና በልጁ የኳስ መንፊያ ነፋው። ከዚያ ያደረገውን ነው የምወድለት። ስለ ምቾት ከመከራከር ሁለት ክቦችን ግቢው ውስጥ አንከባለለ፤ አንዱን የልጁን ድፍን ጎማ፣ ሌላውን አየር ያለውን። ድፍኑ መንገድ ላይ ወደቀ። አየር ያለው ግቢውን አቋርጦ ሄደና ከበሩ ጋር ተላተመ። ይህ ንጹሕ ሙከራ ነው፤ አየሩ ምቾት ብቻ እንዳልሆነ፣ የሚባክነውንም ጉልበት እንደሚቀንስ አንድ መንከባለል አሳየ። በ1889 ዊሊ ሂዩም የሚባል ተወዳዳሪ በዚህ ጎማ ቤልፋስት ላይ ውድድር አሸነፈና ሳቁ ቆመ።

ደንሎፕ ፓተንቱን በ1888 ወሰደ፤ ብዙም ሳይቆይ ዋጋ እንደሌለው ተነገረው። ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ ይህንኑ ሐሳብ በ1845 አስመዝግቦታል! ቶምሰን በአየር የተሞላ ጎማውን ለፈረስ ሠረገላ ሠርቶ ለንደን ውስጥ ሞክሮት ነበር። ሠርቷልም። ግን ያኔ ብስክሌት ገና የለም፣ መኪና የለም፣ ላስቲኩም ውድ ነው፤ ተረሳ። መልሱ ከጥያቄው 40 ዓመት ቀድሞ መጣ።

የደንሎፕን ኩባንያ ያተረፉት ሌሎች ሁለት ፓተንቶችን መግዛቱ ነው፤ እዚህ ላይ ነው የመሣሪያው ታሪክ የሚገባው። የመጀመሪያው የደንሎፕ ጎማ ቸርኬው ላይ በማጣበቂያና በሸራ ተጠቅልሎ የተለጠፈ ነበር። ሲበሳስ? በ1889 አንድ ብስክሌተኛ ክሌርሞን-ፌራን ወደሚገኘው የሚሽሊን ወንድማማቾች ፋብሪካ የተበሳ ጎማ ይዞ መጣ። ለመጠገን ሦስት ሰዓት ፈጀ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ሌሊቱን ሙሉ ተጠበቀ። በነጋታው ኤድዋር ሚሽሊን ሞከረው፤ ጥቂት ሄዶ ተነፈሰበት። ወንድማማቾቹ በ1891 የሚወልቅ ጎማ ሠሩ። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን በዚህ ጎማ ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ 1200 ኪሎ ሜትሩን በ72 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨርሶ አሸነፈ። ሚሽሊኖች በዚህ አልረኩም። በቀጣዩ ዓመት ራሳቸው ባዘጋጁት ውድድር መንገዱ ላይ ምስማር በትነው ጎማው እንዲበሳ፣ ሲበሳም እንዴት ቶሎ እንደሚጠገን ሕዝቡ እንዲያይ አደረጉ። የዛሬ ማርኬቲንግ ክፍል ይሄን ቢያቀርብ ሕግ ክፍሉ አያሳልፍለትም።

ዘላቂው መልስ ግን ደንሎፕ ከገዛቸው ከሁለቱ አንዱ፣ የቻርልስ ኪንግስተን ዌልች የ1890 ሐሳብ ነው፤ ዛሬም ብስክሌታችሁ ላይ አለ። ዌልች በጎማው ጠርዝ ውስጥ የማይለጠጥ ሽቦ አስገባ። ሽቦው ከቸርኬው ከንፈር ትንሽ ጠበብ ይላል፣ ስለዚህ አየር ሲነፋ መውጣት አይችልም። ታዲያ መጀመሪያ እንዴት ይገባል? ቸርኬው መሃሉ ላይ ጎድጎድ ይላል። በአንድ በኩል ጠርዙን ወደ ጉድጓዱ ስትጥለው በተቃራኒው በኩል ትርፍ ታገኛለህ፣ ያኔ ከንፈሩን ይሻገራል። ጎማ ማውለቂያው እጅህ ላይ ያለች ትንሽ ብረት ብትሆንም ሥራውን የሚሠራው ያ ጉድጓድ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በጉልበት ይታገልና ከመነዳሪውን ይነክሳል። የሚያውቅ ሰው ዙሪያውን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ጠርዙን ወደ መሃል ይሰድና የመጨረሻዋን ስንዝር በእጁ ያስገባታል።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ሁሉ ሙያ በአማርኛ ስናወራ የምንጠቀምባቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ማስቲሽ፣ ፍሬን። ከመነዳሪ ራሱ ሲጀመር «የአየር ክፍል» ማለት ነው።

በደስታ የማልጽፈው ክፍል ደግሞ አለ። የደንሎፕ ጎማ አውሮፓንና አሜሪካን በብስክሌት ፍቅር ሲያሳብድ ያ ሁሉ ላስቲክ ከአንድ ቦታ መምጣት ነበረበት። የቤልጂጉ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ ከ1885 ጀምሮ ኮንጎን እንደ ግል ርስቱ ይዞ ነበር። ጫካው ውስጥ ላስቲክ የሚሰጥ ሐረግ ይበቅላል። በየመንደሩ ኮታ ተጣለ፤ ሚስቶች ታግተው ባሎች ላስቲክ ለቅመው እንዲመጡ ተገደዱ፤ ኮታ ያላሟላ መንደር ወታደር ይላክበታል፤ ወታደሮቹ ለተኮሱት ጥይት ማስረጃ የሰው እጅ ቆርጠው ያመጡ ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል ሮጀር ኬስመንት በ1904 የወጣው ሪፖርቱ፣ ጋዜጠኛው ኢ. ዲ. ሞሬልም በዘመቻው ይህን ለዓለም አሰሙ። በ1908 ሊዮፖልድ ኮንጎን ለቤልጂግ መንግሥት ለማስረከብ ተገደደ። የብስክሌት ታሪክ መጻሕፍት ስለ 1890ዎቹ ሲጽፉ ሴቶች በብስክሌት ያገኙትን ነጻነት፣ ውድድሩንና ፖስተሩን ያሳያሉ። ያ እውነት ነው። ኮንጎ ግን በብዙዎቹ ውስጥ ሌላ መጽሐፍ ላይ ያለ ሌላ ታሪክ ይመስላል። አንድ ታሪክ ነው፤ የሚያገናኘውም ጎማው ነው።

ወደ ራሴ ብስክሌት ልምጣ። ሰፈራችን ካለ አንድ በዕድሜ ጠና ያለ ጎሚስታ ጋር ሄጄ ያሰብኩትን ነገርኩት። ሞተሩ ስንት ሲሲ እንደሆነ አልጠየቀኝም።

«ልጄ፣ ይሄ ጎማ የተሠራው ለእግር ነው። ይችላል?»

«ምን ዓይነት ላድርግ ታዲያ ጋሼ?»

«ቁጥሩን አንብብልኝ።»

ቁጥሩ ራሱ አንድ ድርሰት ነው። ጎማ ላይ «26» ተብሎ ሲጻፍ የቸርኬው ስፋት እንዳይመስላችሁ። ድሮ ጎማው ተነፍቶ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ የሚመጣው ኢንች ነበር። ወፍራም ጎማ ትንሽ ቸርኬ ላይ፣ ቀጭን ጎማ ትልቅ ቸርኬ ላይ ሆነው ሁለቱም 26 ይሆናሉ። ስለዚህ የጠርዛቸው ዲያሜትር 559፣ 571፣ 584፣ 590 ሚሊ ሜትር የሆኑ የተለያዩ ጎማዎች ሁሉም «26» ተብለዋል። የባሰው፣ 26 በ1.75 እና 26 በ1¾ በሒሳብ እኩል ናቸው፣ ጎማዎቹ ግን አይገጥሙም! አንዱ 559 ነው፣ ሌላው 571። ፕሮግራመር ለሆናችሁ፦ አንድ ስም የተሰጣቸው አራት የተለያዩ ቫሪያብሎች ማለት ነው፣ ማንም ሪፋክተር ሳያደርገው መቶ ዓመት ያለፈው። መድኃኒቱ ጎማው ጎን ላይ በትንሹ የምትጻፈው ባለሁለት ቁጥር ኮድ ናት። 57-559 ካለ ወርዱ 57 ሚሊ ሜትር፣ የጠርዙ ዲያሜትር 559 ነው። ሌላውን ቁጥር እርሱት።

የመረጥኩት ይህንኑ ነው፤ 57-559፣ ወፍራሙን። ይህ ውፍረት የራሱ ታሪክ አለው፤ አሜሪካ ውስጥ ሽዊን የተባለው ብስክሌት ሠሪ በ1933 ያስለመደው 2.125 ኢንች ጎማ ነው፤ ዊዘርም በኋላ የተገጠመው እንዲህ ባሉ ብስክሌቶች ላይ ነበር። ውስጡ ብዙ አየር ስላለ በዝቅተኛ ግፊትም ይሸከማል፤ ጉድጓድ ስትመታ ቸርኬው ከመነዳሪውን አይቆርጠውም። በእግር 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በሞተር 45 ከሄደ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ነው፤ ጉልበቱ ግን ዘጠኝ እጥፍ። ያን ሁሉ ፍሬኑና ጎማው ናቸው የሚውጡት። ቫልቩ ደግሞ የመኪናው ዓይነት፣ ሽሬደር የሚባለው ይሁን፤ ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋዋል። ቀጭኑ የፈረንሳይ ቫልቭ ለውድድር ያምራል፣ መንገድ ላይ ግን መንፊያ ታጣለታለህ።

የቀረው ራጂው ነው። ራጂዎች ከመሃል ቀጥ ብለው ወደ ዳር ሲወጡ ክብደት ይሸከማሉ፣ የሚጠመዝዝ ኃይል ሲመጣባቸው ግን ደካማ ናቸው። ጄምስ ስታርሊ በ1874 ራጂዎቹን ሰያፍ አድርጎ አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ እንዲስብ አቆላለፋቸው፤ መሃሉ ሲዞር ዳሩን ይዞ ይዞራል። ዛሬ በርካሽ የሚሸጡት የሞተር መግጠሚያ ዕቃዎች የኋላውን ባለጥርስ ክብ ራጂዎቹ ላይ በላስቲክ መካከል በብሎን ያጠብቁታል፤ የሞተሩ ጉልበት በቀጥታ ራጂው ላይ ይወድቃል ማለት ነው። እኔ ይህን አልወደድኩትም። መሃሉ ውስጥ ሞተር ያለው ባለባትሪ ቸርኬ ወፍራም ራጂ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሐሳቡም አዲስ አይደለም፣ እንግሊዝ ውስጥ በ1950 ሳይክልማስተር የሚባል ቸርኬው ውስጥ የተቀመጠ የቤንዚን ሞተር ይሸጥ ነበር።

መሣሪያዎቼ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ይገባሉ፤ ሦስት ጎማ ማውለቂያ፣ ማስቲሽና ቁራጭ ላስቲክ፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ የእጅ መንፊያ፣ ራጂ ማጥበቂያ፣ ለኋላው ዳዶ የሚሆን ረጅም መፍቻ። ቸርኬ ማስተካከያ መቆሚያ አልገዛሁም። ብስክሌቱን ገልብጬ ሹካው ላይ እርሳስ በላስቲክ አስራለሁ፣ ቸርኬውን አዞራለሁ፤ እርሳሱ የነካበት ቦታ ወደዚያ ጎን ወጥቷል። በተቃራኒው በኩል ያለውን ራጂ ሩብ ዙር አጠብቃለሁ፣ እንደገና አዞራለሁ። ከዚያ ራጂዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ እንደ ክራር እመታቸዋለሁ፤ በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። ጎሚስታው ከመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ስለሚላሉ መልሼ እንዳመጣለት አስጠንቅቆኛል።